ሦስቴ፣ ከዚያም አንዴ

በሩ ግማሽ ተከፍቶ ቆመ። ከኋላው አንድ ቀላል ነገር ያዘው።

ፎርማኑ አሮጌ ጨርቅ መሰለውና በትከሻው ገፋ። ነገሩ ተንሸራተተ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተንኮሻኮሸ። የእጅ ባትሪውን በክፍተቱ አስገብቶ አበራ። መጀመሪያ ያየው ጫማ ነው። ቡናማ፣ ማሰሪያው በደንብ የታሰረ ጫማ። ብርሃኑን ወደ ላይ ሲያነሳ እግር አልነበረም፤ አጥንት ነበር።

ሁለቱ ሠራተኞቹ የምድር ቤቱን ደረጃ ሦስት ሦስቱን እየዘለሉ ወጡ። ፎርማኑ ግን እዚያው ቀረ። "ይቅርታ" አለና በሩን መልሶ ገጠም አደረገው፤ የሰው መኝታ ቤት ሳያንኳኳ የገባ ይመስል።

መርማሪው ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረሰ። ጉልበቱን ስለሚያመው ደረጃውን በአንድ እግሩ እየቀደመ፣ በሌላው እየተከተለ ወረደ። ካቴድራሉ ከተመሠረተ ጀምሮ ለሕዝብ ዝግ የነበሩት ክፍሎች፣ የደወሉ ማማ፣ ዕቃ ቤቱና ይህ ምድር ቤት በመጪው እሑድ ለጎብኚ ሊከፈቱ ነበር። ግንበኞቹ የመጡትም ጎብኚዎች እንዳይጋፉ መተላለፊያውን ለማስፋት ነው። ፎርማኑ አንዱን ግድግዳ በመዶሻ ሲመታው ባዶ ድምፅ ሰጠ። አፈረሱት። ከግንቡ ጀርባ የብረት በር ወጣ።

መርማሪው በሩን ከውጭ አየው። ወፍራም መቀርቀሪያ፣ ዝገት የበላው። ከውስጥ አየው። የቁልፍ ቀዳዳ እንኳ የለውም።

ክፍሉ አራት እርምጃ በሦስት ነው። መስኮት የለውም። ሰውየው በሩን ተደግፎ ተቀምጦ ነው የሞተው። በጣቶቹ አጥንት መካከል የቁልፍ ቀለበት ነበር። መርማሪው ቆጠረ፤ አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ። የትልቁ ቁልፍ ጫፍ ተጣሟል። በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ፣ ተቀምጦ እጁን የሚያነሳ ሰው በሚደርስበት ከፍታ፣ ትንንሽ ስርጉዶች ነበሩ። እነሱንም መቁጠር ጀመረ። ሁለት መቶ ሲያልፍ ተወው።

አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ይዞ አንድ በር መክፈት ያልቻለ ሰው።

ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የዕቃ ቤቱ ጠባቂ የወርቁን ጽዋ ይዞ መጥፋቱን በከተማው የማያውቅ የለም። ፖሊስ ጣቢያ ያለው መዝገብ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ አንድ የካቴድራሉ አገልጋይ ጠባቂው አውቶቡስ ሲሳፈር አይቻለሁ ማለቱን ይናገራል። የአገልጋዩን ስም የጻፈ ሰው የለም። መዝጋቢው የቸኮለበት ጉዳይ ነበረው መሰለኝ ብሎ መርማሪው በልቡ ተሳደበ።

አስተዳዳሪው በቢሯቸው ተቀበሉት። ነጭ ጢም፣ ለስላሳ ድምፅ። ዜናውን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ። ከዚያም ምስኪኑ የሰረቀውን ሊደብቅ ገብቶ በዚያው ቀርቶ ይሆናል፣ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው አሉ።

"መቀርቀሪያው ከውጭ ነው፣ አባታችን" አለ መርማሪው።

አስተዳዳሪው ጢማቸውን ዳሰሱ።

"እንግዲያው ሰው ላይ መጠቆም አልወድም። ግን ያን ጊዜ የግንብ ሥራ ሁሉ የደዋያችን ነበር።"

መርማሪው አመስግኖ ወጣ። በመንገዱ ላይ ዕቃ ቤቱን አየ። የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ የሰካች ወጣት ሴት፣ መስቀሎችንና አክሊሎችን በመስታወት ውስጥ ደርድራለች። መሃል ላይ ባዶ ማስቀመጫ ነበር። ሥሩ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፦ "የወርቁ ጽዋ ሥፍራ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ሰርቆት ተሰወረ።" ጎብኚ ከሞላ ቦታ ይልቅ ባዶ ቦታ እንደሚስበው አዘጋጅዋ አስረዳችው። ስለ አጽሙ ሲነግራት እርሳሱን ከፀጉሯ አውጥታ መልሳ ሰካችው። ሌላ ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ ጽሑፉ እንዳለ እንደሚቀር፣ ማተሚያ ቤቱም የጎብኚዎቹን መጽሔት እንደጨረሰ ነገረችው።

መጽሔቱን ገለጠ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የሚያንኳኳው ጳጳስ ታሪክ አለ። እዚህ ምድር ቤት የተቀበሩ አንድ ጳጳስ በካቴድራሉ ላይ በደል ሲፈጸም ከመቃብራቸው ያንኳኳሉ ይላል።

"ይህን ከየት አገኘሽው?"

"አባታችን ናቸው የነገሩን። ጎብኚ በጣም ይወደዋል።"

በካቴድራሉ በር ላይ ሻማ የምትሸጥ ሴት አለች። ፊት ለፊቷ "ሻማዬ" ይሏታል። ዞር ስትል "የሌባው ልጅ"። አርባ ዓመቷ ነው። አባቷ ሲጠፋ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ከሁለት ዓመት በኋላ አንገቷን እንደደፋች ሞተች። ዘመዶቿ ከከተማው እንድትወጣ ቢመክሯትም አልሰማችም። አባቴ ሲመለስ የት ያገኘኛል አለች ይባላል። ሰዉ ይህን እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው።

መርማሪው አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወሬው ቀድሞት ነበር። ሻማዎቿን በቁመታቸው እየለየች ነበር፤ የተለዩትን እንደገና ቀላቅላ እንደገና ትለያለች።

"ጽዋው አብሮት ነበር?" አለች።

"አልነበረም፣ እህቴ።"

"እንግዲያው 'ደብቆት ሞተ' ይላሉ። አውቃቸዋለሁ። ቢሞትም አይተዉትም።" ቀና ብላ አየችው። "ያንን ጽሑፍ አንብበኸዋል? ጠዋት ጠዋት ዕቃ ቤቱን የምጠርገው እኔ ነኝ። በፊቱ እየተጎነበስኩ ነው የምጠርገው። እሱን አስነሣልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"

ቃል አልሰጣትም። በሥራው ቃል መስጠት ትቷል። ያን ጊዜ ምን እንደምታስታውስ ጠየቃት።

ባስታወሰች ቁጥር ሰው ሲስቅባት ስለኖረ አስቀድማ ፊቱን መረመረች። ኋላ የሻማ ሳጥኗን በጣቷ አንኳኳች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቆም አለች። ኳ።

"አባቴ ቤት ሲመጣ እንዲህ ነበር የሚያንኳኳው። ሦስቱ ለበሩ፣ አንዷ ለአንቺ ናት ይለኝ ነበር። በጠፋ በሦስተኛው ቀን ልፈልገው መጣሁ። የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሰማሁት።"

"ለሰው ተናገርሽ?"

"ላገኘሁት ሁሉ። የሞቱት ጳጳስ ናቸው አሉኝ። ትልልቆቹ ሁሉ እንዲያ ሲሉኝ ጊዜ እኔም አመንኩ። ቆመው ጸለዩ። ሳይቆፍሩ ጸለዩ።" ሻማዎቹን ቀላቀለቻቸው። "ትልቅ ሰው ብሆን ኖሮ እንጃ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።"

መርማሪው ዓይኑን ከፊቷ ሲያሸሽ አንገቷ ላይ አረፈ። በጥቁር ክር የተንጠለጠለ ክብ እንጨት አድርጋለች፤ የሳንቲም ያህል፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ቤት የተቀረጸበት። በመጨረሻው ቀን አባቷ የሰጣት መሆኑን ነገረችው። እስከ ነገ ያዢልኝ፣ ለማንም አታሳዪ ብሏት ነበር። ለእሷ ቀርጾላት መስሏት ነበር።

"በዚያው ሰሞን ቤታችሁ የመጣ ሰው ነበር?"

"ሊያጽናኑን ብዙ ሰው መጣ። የአባቴን ካፖርት ኪስ ሳይቀር እየበረበሩ ያጽናኑን ነበር" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፏ ጥግ ፈገግ አለች።

ደዋዩ ማማው ላይ ገመድ ይቀቡ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ደወሎቹ ጆሯቸውን ወስደውታል። መርማሪው ሲጮህ እጃቸውን አወዛወዙ።

"አትልፋ ልጄ። ከነዚህ በላይ አትጮህም" አሉ ደወሎቹን እያሳዩ። ከግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አውርደው ከነጠመኔው ሰጡት። ካቴድራሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከእሳቸው ጋር የሚነጋገረው በዚህ ሰሌዳ ነው።

*የምድር ቤቱን ግንብ የሠሩት እርስዎ ነዎት?*

"የቱን? ከብረቱ በር ፊት ያለውን? እኔ ነኝ። አሁንም ቢሆን መፍረስ አልነበረበትም፤ እንደዚያ ያለ ኖራ አይገኝም።"

*ማን አዘዘዎት?*

"ሰሌዳዬ አዘዘኝ። ጠዋት ስነሣ በሬ ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ጣሪያው ሊናድ ነው፣ ኖራና ድንጋዩ ወርዷል፣ ዛሬውኑ ድፈነው ይላል። የእጅ ጽሑፉን አላስታውስም። ያኔ ለእኔ የማይጽፍ ማን ነበር?"

መርማሪው ጠመኔውን ይዞ ቆየ። ሽማግሌው አጽም መገኘቱን ገና አልሰሙም። ማማው ድረስ ወጥቶ የጻፈላቸው የለም።

*ከግንቡ ጀርባ ሰው ነበር። ጠባቂው። በሕይወት።*

ደዋዩ አነበቡ። ሰሌዳውን ወደ ብርሃን አዙረው እንደገና አነበቡ። ከዚያም ተነሥተው ትልቁን ደወል በመዳፋቸው ያዙት፣ የሚወድቁ ይመስል።

"እኔ ደወል የምሰማው በዚህ ነው" አሉ ግራ መዳፋቸውን እያሳዩ። "ብረት ሲመታ በመዳፌ ይመጣል። አንዴ፣ አንዴ ብቻ መዳፌን ብረቱ ላይ አሳርፌ ቢሆን…" ጨረሱት፣ ግን በዝግታ። "ያን ቀን በአንዱ እጄ ድንጋይ ነበር። በሌላው የግንበኛ ማንኪያ።"

መርማሪው ብዙ ወንጀለኛ አይቷል። እኚህ ሰው ደወሉን እንዴት እንደያዙት አይቶ ከዝርዝሩ ሰረዛቸው። ግን አንድ ነገር ገባው። ሥራውን ለደዋዩ የሰጠ ሰው ግንበኛ አልፈለገም። የማይሰማ ግንበኛ ነው የፈለገው።

ሰሌዳውን ደመሰሰና አንድ ጥያቄ ጨመረ። *ስለሚያንኳኩት ጳጳስ መቼ ሰሙ?*

"እኔ ምን እሰማለሁ" አሉ ደዋዩ፤ ቀልዳቸው ከልማድ የወጣ ነበር። "በሰሌዳዬ የጻፉልኝ ያን ዓመት ነው። ከዚያ በፊት እኚያ ጳጳስ ደህና ተኝተው ነበር።"

መርማሪው ሲወርድ በዕቃ ቤቱ በኩል አለፈ። ጥግ ላይ፣ ከሁሉ ትንሹ መስታወት ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ምስማር ያለው ጣውላ ነበር። በየምስማሩ አንድ አንድ ክብ እንጨት ተሰቅሏል። ደወል፣ መጽሐፍ፣ መጥረጊያ፣ ሻማ የተቀረጸባቸው። ሥሩ "ምናልባት የጨዋታ ዕቃ" ተብሎ ተጽፏል።

ሰባተኛው ላይ ትንሽ ቤት ነበረ።

ጉልበቱን ረስቶ ማማውን እንደገና ወጣ። ደዋዩን ይዟቸው ወረደ። ደዋዩ ጽሑፉን ሲያነቡ አዘጋጅዋን በርኅራኄ አዩአት።

"ጨዋታ አይደለም ልጄ። መያዣ ነው። ከዕቃ ቤት ዕቃ ስትወስጂ ጠባቂው 'መያዣሽን' ይልሻል። የራስሽን እንጨት ትሰጪዋለሽ። እሱ በዕቃው ቦታ ያስቀምጠዋል። ስትመልሺ ይመልስልሻል። ጳጳስም ቢሆን ያለ መያዣ አንድ ጭልፋ አይወስድም ነበር። ጠባቂው ከጠፋ በኋላ ይህ ሥርዓት ቀረ። ይቺ ደወሏ የእኔ ናት።"

አዘጋጅዋ መስታወቱን ከፈተች። ደዋዩ የራሳቸውን አንሥተው በአውራ ጣታቸው አሹ። ከላብ ብዛት ጠቁሮ ይብለጨለጫል፤ ቀዳዳው ከላይ በኩል በምስማሩ ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። መርማሪው አንድ በአንድ አያቸው። አሥራ አንዱ እንዲሁ ናቸው። ሰባተኛው ብቻ ቀዳዳው ፍጹም ክብ ነው። ማንም ደጋግሞ አልሰቀለውም፣ አላወረደውም።

*ይህ ቤት የማን ነው?* ብሎ ጻፈ።

"ቤት አይደለም። የተከፈተ በር ነው። የእንግዳ ተቀባዩ።"

*እንግዳ ተቀባዩ ማን ነበር?*

ደዋዩ ጣራውን፣ የአስተዳዳሪው ቢሮ ያለበትን በኩል፣ ቀና ብለው አዩ።

መርማሪው የአስተዳዳሪውን ጠረጴዛ ጠርጎ ሁለቱን እንጨቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ ከመስታወቱ፣ አንዱ ከሻማ ሻጯ አንገት።

"አባታችን፣ የእርስዎ የትኛው ነው?"

"ይህ የጥንት ነገር ነው፤ ማን ያስታውሳል" አሉ አስተዳዳሪው። ይህን እያሉ እጃቸው ሄደ። ከሁለቱ የጠቆረውን አነሣ። አውራ ጣታቸው በጀርባው ላይ ባለች ጎድጎዳ ላይ ልክ ገጥማ ተቀመጠች። በካቴድራሉ ደጃፍ ቆመው እንግዳ ሲጠብቁ ለዓመታት ያሿት ጎድጎዳ ናት።

እጃቸውን አዩት። የሌላ ሰው እጅ እንዳዩ ሁሉ።

"የት ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንገት ላይ።"

"ቤቱን ሁሉ ፈልጌ ነበር" አሉ። "ኪሱን፣ ፍራሹን። ልጅቷ ተኝታ ነበር።"

ከዚያ በኋላ መርማሪው ብዙ አልጠየቀም፤ አስተዳዳሪው ራሳቸው ነገሩት። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ለጉብኝት መጥቶ ጽዋውን ወደደው። ያኔ እንግዳ ተቀባይ የነበሩት እሳቸው ለማሳየት ብለው መያዣቸውን ሰጥተው አወጡት። ሰውየው ይዞት ሄደ፤ ሲሄድም ይህ ካቴድራል የሚያስተዳድረው ወጣት ሰው ይፈልጋል አላቸው። ጠባቂው ጽዋውን መልሱ እያለ ሦስት ቀን ጠየቃቸው። በአራተኛው ቀን መያዣውን ለአለቆች አሳያለሁ አለ። ጽዋው ምድር ቤት ተቀምጧል፣ ግባና ውሰድ አሉት። አመነና ቀድሞ ገባ።

"መያዣውን እስካገኝ ብቻ ነበር" አሉ አስተዳዳሪው። "እስከ ማለዳ።"

"ሲያጡትስ?"

"ማንኳኳት ጀመረ።"

"ለምን አልከፈቱም?"

አስተዳዳሪው ጥያቄው ለሠላሳ አንድ ዓመት የተዘጋጁበት ይመስል ወዲያው መለሱ።

"ብከፍት ምን እለው ነበር?"

አውቶቡስ ሲሳፈር አየሁት ያሉት አገልጋይም፣ በደዋዩ ሰሌዳ ላይ የጻፉትም እሳቸው ነበሩ። ጳጳሱን ያስነሡትም እሳቸው። አለቆቹ መያዣዎቹን ሲቆጥሩ አንድ እንዳይጎድልባቸው በር ያለበትን እንጨት እንደገና ቀርጸው ምስማሩ ላይ ሰቀሉ። ኋላም ተሾሙ። ጎብኚዎች ምድር ቤት እንዳይገቡ እስከ ባለፈው ወር ከልክለው ነበር፤ ሆስፒታል በተኙበት ሳምንት አዘጋጅዋ የጉብኝቱን መንገድ ለወጠችው።

"ስንት ቀን አንኳኳ?"

"አምስት። በስድስተኛው ዝም ሲል…" ጢማቸውን ዳሰሱ። "አመሰገንኩ።"

በግቢው ሲወሰዱ ሻማ ሻጯ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አስተዳዳሪው ቆም አሉና "ልጄ" አሉ። ይህን ቦታ የሰጧት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ ሻማዋን ይባርኩላት ነበር። እሷም አንድ ቀን ከ"አንቱ" ዝቅ ብላ ጠርታቸው አታውቅም።

"ሰምተኸዋል?" አለች።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሦስቴ፣ ከዚያም አንዴ?"

"አዎ።"

"አንዷ የእኔ ነበረች" አለችና መንገዱን ለቀቀችለት።

እሑድ አልተከፈተም። የፍርዱ ነገር እስኪያልቅ ሰባት ወር ቆየ። መጽሔቱ እንደገና ታተመ፤ የጳጳሱ ታሪክ ተሰረዘ። ጽዋው አልተገኘም። የወሰደው ሰው ሞቷል፤ ልጆቹ ምንም አናውቅም ይላሉ፤ መርማሪው እየጠየቀ ነው። ፎርማኑ ከዚያ ወዲህ ባዶ ክፍል እንኳ ሳያንኳኳ አይገባም፤ ሠራተኞቹ ይስቁበታል፣ እሱ ግድ የለውም።

ባዶው ማስቀመጫ ባዶ አይደለም። እንደ ሥርዓቱ፣ ዕቃው እስኪመለስ ድረስ፣ የጠቆረው መያዣ በቦታው ተቀምጧል። ጽሑፉን የቀየረችው አዘጋጅዋ ናት፦ "የወርቁ ጽዋ ሥፍራ። የወሰደው ሰው መያዣ ይህ ነው። ጠባቂው አልሰጥም ብሎ ሞተ።" ጠዋት ጠዋት የምትጠርገው ሴት ከፊቱ ስትደርስ አሁን ትጎነበሳለች እንጂ አንገቷን አትደፋም።

በመክፈቻው ቀን ከጎብኚዎቹ ቀድማ ምድር ቤት ወረደች። ደዋዩ ተከተሏት። የብረቱ በር ተጠግኖ በቦታው ቆሟል። ደዋዩ ምንም ሳይሉ የግራ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ።

እሷ ወደ ወዲያኛው ወገን፣ ወደ ውስጥ ገባች። በሩን ገጠም አደረገች። አባቷ በተቀመጠበት ቁመት ጎንበስ አለች።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቆም አለች። ኳ።

ደዋዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሰማሁ" አሉና በሩን ከፈቱላት።